አንድ ቁጥር የማን ነው?

ኮምቦልቻ፣ የምሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሯን ከእኔ በቀር የሚከፍታት ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ላይ እርግጥ ኮርቼባት ነበር፤ ኩራቱ ግን ብዙ አልቆየም።

ለሥልጠና አዲስ አበባ የተላክሁት ከሁሉ ተሽዬ አይደለም። የፕላን ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ማሽኗ ከካርቶኗ ስትወጣ አለቆቹ ከበው አዩዋትና እንደ ታይፕ የተደረደረ ቁልፍ እንዳላት ሲያስተውሉ፣ ይህማ የታይፒስት ሥራ ነው ተባለ። ዲግሪ የያዙ ወንዶች ተቀምጠው ታይፕ ሲመቱ መታየት አልፈለጉም። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ፤ ተምሬ ስመለስ ማሽኗ የራሷ ክፍል ተሰጥቷታል። መጋረጃ ተሰቅሎላታል፣ በሯ ላይ ጫማ ይወለቃል፣ ማታ የምትለብሰው ዳንቴል ሁሉ ተሠርቶላታል። በፋብሪካው እንደ እሷ የተከበረ ሠራተኛ አልነበረም።

ችግሯ አንድ ነበር። ስትነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በቃ። ምን ልታዘዝ አትልም፤ ውስጧ ምን ምን እንዳለም አትናገርም። የመጋዘኑን ፕሮግራም የፈለገ ሰው ፕሮግራሙ የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚባል በእንግሊዝኛ፣ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተ ማሽኗ በፈረንጅ አፍ "መጥፎ ትእዛዝ" ብላ ትመልሳለች። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዝ የሚውል ሰው ነው፤ ትእዛዝህ መጥፎ ነው ያለው ፍጡር በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። አንድ ጊዜ ሞክሮ ይህ መልስ ሲመጣበት ማን እንዳየው ለማወቅ ዞር ዞር አለ፤ ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሁለተኛ እጁ ኪቦርዱን አልነካም። ሌሎቹም ከእሱ አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስለዚህ ሁሉም እኔን ይጠራል። ምሳ ላይ እጠራለሁ። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ይንኳኳል። የምኖረው ደሴ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ነበር የምንወርደው፤ ጉም ወርዶ ሰርቪሱ የዘገየ ዕለት ኃላፊዎቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የባሰው የመጣው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። የአባቴ አክስት ሞታ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ የፋብሪካው ላንድሮቨር አቧራዋን እያቦነነች መጥታ ድንኳኑ ደጃፍ ቆመች። በዚያ በአብዮቱ ዘመን የመንግሥት መኪና ለቅሶ ቤት በር ሲቆም ሰው ምን ምን እንደሚያስብ የኖረበት ያውቀዋል። ሴቶቹ ሌላ መርዶ የመጣ መስሏቸው ገና ሹፌሩ ሳይወርድ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ኮምፒዩተሯን እንድከፍት መታዘዜን በጆሮዬ ነገረኝ። ለአልቃሹ ምን ብዬ ላስረዳ? ጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት የታመመ ሰው ያለኝ መስሏቸው አላህ ይማርልሽ ብለው መርቀው ሸኙኝ። አሜን ብዬ ተነሳሁ።

በዚህ መሀል የሠርጌ ጊዜ ደረሰ። እጮኛዬ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የእሱም የእኛም ቤት ሰው ጴንጤ ብሎ የሚጠራው ቤት ነው፤ ስለዚህ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጫት አይቅምም። የአሰብ ሾፌር ሆኖ ይህን ሁሉ አለማድረጉን ጓደኞቹ እንደ በሽታ ይቆጥሩበት ነበር። በተጫጨንበት ጊዜ ሁሉ የተያየነው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ኮምቦልቻ ጎማ እስኪቀየርለት፣ ጭነት እስኪራገፍለት፣ ቀሪዎቹ መኪኖች ደርሰው አንድ ላይ እስኪንቀሳቀሱ። ቆመን እናወራለን፤ ረዳቱ ጡሩንባ ይነፋል፤ ይሄዳል። ጠዋት አይቼው ማታም ያየሁበት ቀን አልነበረም። ለሠርጉ ግን ድርጅቱን ለምኖ፣ ሰው አስለምኖ፣ ሁለት ሳምንት ፈቃድ አገኘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባል ሊኖረኝ ነው! ሳስበው መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር።

እኔም የዚያኑ ያህል ፈቃድ ልጠይቅ ወደ አለቃዬ ገባሁ። አለቃዬ የፕላን ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሪፖርት የዘገየ ዕለት የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ጓዲት አለኝ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ ቀጥሎ፣ ታዲያ ኮምፒዩተሯን ማን ይከፍታታል አለ። ላስተምራቸው እችላለሁ አልኩ። ማንን እንደማስተምር ጠየቀኝ፤ እኔም የምጠቁመው ሰው የለኝም፣ እሱም የለውም። ነገሩ በዚህ አለቀ፦ ያለ እኔ የሚከፍታት ሰው እስኪገኝ ፈቃድ የለም። ከቢሮው ስወጣ ያቺን ማሽን ከነዳንቴሏ ቦርከና ወንዝ ብወረውራት ደስ ባለኝ።

ሰርቪስ ላይ ተቀምጬ ስብሰለሰል፣ ሥልጠናው ላይ አስተማሪያችን እግረ መንገዱን ያሳየን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘወትር የሚጻፉትን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ውስጥ በተራ ካስቀመጡላት፣ ማሽኗ የፋይሉን ስም ብቻ ሲነግሯት ሁሉንም ራሷ አንብባ ትፈጽማለች። ባች ይሉታል። የፋይሉ ስም ደግሞ የፈለጉት ነው፤ አንዲት ቁጥርም ትበቃለች። እንግዲያው ያ ሁሉ ፊደል ለቀማ ቀርቶ ሰው አንድ ቁጥር ቢነካ ፕሮግራሙ ይከፈትለታል ማለት ነው። ቁጥር የማይነካ ኃላፊ ደግሞ የለም፤ ሁሉም ስልክ ይደውላል።

በየምሳ ሰዓቱ በሩን ቆልፌ ሠራሁ። ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ስንት ጊዜ እኔንም መጥፎ ትእዛዝ አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ስትነሳ ያቺ ብልጭ የምትለው መስመር ብቻዋን መሆኗ ቀርቶ ከበላይዋ ዝርዝር መጣ፤ ልክ እንደ ሆቴል የምግብ ዝርዝር። አንድ መጋዘን፣ ሁለት ምርት፣ ሦስት ሠራተኛ አስተዳደር፣ አራት ፕላን። ፊደላችንን ስለማታውቅ አማርኛውን የጻፍኩት በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ቢሆንም ያስነብባል። ቁጥሩን ነክቶ ኢንተር የሚባለውን ትልቁን ቁልፍ መጫን ነው፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል። ሁለትን እጫናለሁ፣ ይከፈታል፤ እዘጋለሁ። ሦስትን እጫናለሁ፣ ይከፈታል። ምሳዬን ረስቼ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ስከፍትና ስዘጋ ሰዓቱ አለፈ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር!

ኃላፊዎቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። ካልሲያቸውን ለብሰው ከበው ቆሙ። ለካ እኔ ያሰብኩት ስለ ማሽኗ ብቻ ነው፤ ስለ ሰው አላሰብኩም። መጋዘንን አንደኛ ያደረግሁት ቀን በቀን የሚከፈተው እሱ ስለሆነ ብቻ ነበር። የምርት ኃላፊው ግን ዝርዝሩን አየና ፊቱ ተቀየረ። መጋዘን እንዴት ከምርት ይቀድማል አለ፤ መጋዘን የሚያስቀምጠው እኛ ያመረትነውን አይደለም ወይ? የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ደግሞ ሳሙናውን የሚያመርተው ሰው ስለሆነ ሰው ከሁሉም ይቀድማል አለ። አለቃዬም ሳይታቀድ የሚመረት ነገር እንደሌለ አስታወሰ፤ ፕላን አራተኛ መሆኑ እኔን የገዛ ክፍሌን የካድኩ አስመሰለኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሽማግሌ ናቸው። በኋላ ነገሩ ሲከር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

"ወላሂ እኔን አንደኛ አድርጉኝ አላልኩም። አንሺኝ ልጄ፣ ከመጨረሻ አድርጊኝ።"

ይኸኔ ነገሩ ከሥር ተገለበጠ። ሽማግሌው ቦታውን ከለቀቁ በኋላ ማን ደፍሮ ይቀመጥበት? የምርት ኃላፊው አፈረ። ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ በዕድሜም አባታችን ነዎት፣ ባሉበት ይቆዩ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው በአላህ ስም እየማሉ እምቢ አሉ። የሠራተኛ አስተዳደሩም ተራውን ለምርት ሰጠ፤ ምርት ለፕላን፣ ፕላን ደግሞ መልሶ ለሽማግሌው። ሁለት ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይለፉ ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እነዚህ አራት ናቸው፤ በሩም አንድ ነው፤ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ሠርጌ እያለፈ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ያልተጠራለት ጉዳይ ጉዳይ አይባልም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔው ነኝ። በቁጥር ፈንታ ፊደል እናድርገው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ የመጀመሪያው ፊደል የማን ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሳና ቁጭ አልኩ። ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በሁለተኛውም ስብሰባ አልተቋጨም። እጮኛዬ ከአሰብ ተነስቷል፤ የሠርጉ ድግስ ደሴ ተጀምሯል፤ እናቴ ፈቃድሽ ምን ሆነ ስትለኝ አንድ ቁጥር ላይ ተስማምተው አልጨረሱም እላታለሁ። ልጄ በጭንቀት ታመመች ብላ ጸለየችልኝ።

በሦስተኛው ስብሰባ የፋብሪካው የፖለቲካ ካድሬ ተገኘ። ወጣት ነው፤ ጸጉሩ በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ። ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጓዶች፣ የምንነታረክበት ነገር ያሳፍራል" አለ። "አንደኛ አብዮቱ ነው።"

ጭብጨባው ከልብ ነበር። አራቱም ዕረፍት አገኙ፤ አንደኛው ከተያዘ ወዲያ ለሁለተኛነት የሚከራከር አልነበረም፤ መጋዘን ሁለት ሆኖ ሌላውም በነበረው ተራ ወረደ። እኔ ብቻ እጄን አወጣሁ። አንድ ቁጥር ሲጫን ምን ይከፈት ብዬ ጠየቅሁ፤ በማሽኗ ውስጥ የአብዮቱ ፕሮግራም የሚባል የለም። ካድሬው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከደብተሩ ቅጠል ገንጥሎ "አብዮታችን ለዘላለም ይኑር" ብሎ ጻፈና ሰጠኝ፤ ዙሪያውን ኮከብ እንዳደርግበትም አዘዘ። አደረግሁ። አንድን የነካ ሰው መፈክሩን ከነኮከቡ ያያል፤ አንብቦ ሲጨርስ ከቁልፎቹ የፈለገውን አንዱን ቢነካ መፈክሩ ጠፍቶ ዝርዝሩ ይመለሳል። ይህንን ለሁሉም አስረዳሁ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቃዴ ተፈረመ። ሰርቪስ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶኝ ሐረጎን በከባድ መኪና ጋቢና ወጣሁ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ እውነቱን ልናገር፣ በሰርቪሱ ነው የወጣሁት፤ ግን ከሁሉ ፊት ገብቼ።

ሠርጋችን ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሠርግ ነበር። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል፤ አባቴም ቀበሌ ተጠርቶ እየተጠየቀ መመለስን ለምዶታል። ስለዚህ መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመርነው፤ ጎረቤት ሲያልፍ ደግሞ ስለ በግ ዋጋ እናወራለን። የፋብሪካው ሠራተኞች አዋጥተው አንድ ካርቶን ሳሙና ላኩልን። ሳሙና በራሽን በሚገኝበት ጊዜ ይህ የዋዛ ስጦታ አልነበረም፤ አማቴ ከአልጋቸው ሥር ቆለፉበት። እኔም እንሶስላ ሞቄ፣ ከፒያሳ በላይ ያለው የአማቴ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ እንደ ወጉ ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ባሌ ጠዋት ይኖራል። ምሳ ላይም ይኖራል። ማታም አለ! አንዳንዴ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ እጠራውና ምን ፈለግሽ ሲለኝ ምንም እለዋለሁ።

እንዲህ ሆነን ገና ሳንጠግብ ላንድሮቨሯ በር ላይ ቆመች። ያው ሹፌር ነው። አማቴ ለእንኳን ደስ ያላችሁ የመጣ እንግዳ መስሏቸው አስቀምጠው አበሉት፤ እሱም ተርቦ ኖሮ መልእክቱን ሳይናገር በላ። በልቶ ሲጨርስ ሙሽራዋን ልወስድ ነው የመጣሁት አለ። አማቴ ሳህኑን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሙሽራ ቀኗ ሳይሞላ ደጅ ስትወጣ፣ ያውም ለሥራ፣ እሳቸው ሰምተውም አያውቁ። ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ፣ እሱ የታዘዘ ሰው መሆኑን፣ ማሽኗ አደጋ ላይ እንዳለች፣ የወሩ ሪፖርት ለአዲስ አበባ ሊላክ ቀኑ መድረሱን ነገራቸው። በመጨረሻ ባሌ አብሯት ይሂድ በሚል ተፈቀደ፤ አማቴም ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አከናነቡኝ። ሐረጎን ስንወርድ ባሌ ከኋላ ተቀምጦ ለሹፌሩ ማርሽ መቼ እንደሚለወጥ ይነግረዋል፤ ሹፌሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ይነዳል፤ እኔ ምን ተሰብሮ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

የኮምፒዩተሯ ክፍል በር ላይ የጫማ ብዛት የጸሎት ሰዓት አስመስሎታል። ስገባ አራቱ ኃላፊዎችና ካድሬው ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ መፈክሩ ከነኮከቡ ተንጣሏል። ሌላ ምንም ችግር የለም። የቱ ጋ ነው የተበላሸው ብዬ ጠየቅሁ።

የሆነውን ያስረዱኝ ሽማግሌው የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። እኔ በሄድኩ በማግስቱ ማሽኗን ራሳቸው ከፈቷት፤ ዝርዝሩ መጣ፤ ደስ አላቸው። ሁለትን ሊጫኑ ሲሉ ግን ነውር መሰላቸው። ሰው ቤት ሲገባ ቀድሞ ባለቤቱን ሰላም ይላል እንጂ ሰተት ብሎ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ካድሬውም አጠገባቸው ቆሟል። ስለዚህ ለሰላምታ ያህል አንድን ጫኑ። መፈክሩ መጣ፤ ሁሉም አንብበው አደነቁ። ከዚያስ? ከዚያማ መጥፋት አለበት። ማን ያጥፋው? ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የምርት ኃላፊው ስልክ የተደወለለት መሰለውና ወጣ። ካድሬው ራሱ ይጫን እንዳይባል፣ እሱም የሚያየው ሰው አለ፤ አንድ ቀን አብዮቱን በገዛ እጁ አጠፋ ተብሎ ቢጻፍበትስ? በማግስቱ መጡ፣ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ቀንም እንዳለ ነው። ማሽኗን ከነጭራሹ ለማጥፋት የደፈረ አልተገኘም፤ ያማ ይብሳል። መብራት በሄደ ብለው ተመኙ፤ ዱሮ በየቀኑ የሚሄደው መብራት እንኳ በእሷ በኩል አልሄደም፣ ክብር በዝቶላት ከጄኔሬተሩ ልዩ መስመር ተስቦላታል። አለቃዬ ሪፖርቱ የተቀመጠው ከመፈክሩ ኋላ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቷል።

ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ወዲያው ደግሞ ገባኝ፤ ለካ እንድጫን የተጠራሁት እኔ ነኝ። የጴንጤ ልጅ፣ አባቷ ቀበሌ የሚመላለስ፣ በካድሬ ዓይን ሥር መፈክር ልታጠፋ። ካድሬውን አየሁት። እሱ ስክሪኑን እያየ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ አለኝ። ይህ ተጫኚ ማለት ይሁን አትጫኚ ማለት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

ሽማግሌው አሳላቸውና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝናብ ሊመጣ ነው መሰል አሉ። የኮምቦልቻ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። የምርት ኃላፊው ግን እውነትም ብሎ አጠገባቸው ቆመ። አለቃዬ ተከተለ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩም። ካድሬው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ካልሲውን እየጎተተ ሄዶ ሰማዩን ማየት ጀመረ። አምስት ጀርባ ተሰልፎ ሳይ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች አሳዘኑኝ። ወደ እኔ የሚያየው ባሌ ብቻ ነበር። እንሶስላ የሞቀው ጣቴን ዘረጋሁና አንዱን ቁልፍ ነካሁ። ዝርዝሩ መጣ።

ተመልሷል አልኳቸው። ዞሩ። አልሃምዱሊላህ አሉ ሽማግሌው፤ እጄን ሁሉም ጨበጡኝ፤ ማን ምን እንደነካ የጠየቀ የለም። አሁን ወደ ቤቴ ልሄድ ነው ብዬ ነጠላዬን ሳስተካክል አለቃዬ ወንበር ሳበልኝ። ከመጣሽ አይቀር ሪፖርቱን ጨርሺልን አለ፤ ቀንሽ ሳይሞላ ከወጣሽም አይቀር ከሰኞ ጀምሮ ሥራሽን ቀጥዪ፣ የቀረው ፈቃድ በሌላ ጊዜ ይታያል።

ሌላ ጊዜ! ሌላ ጊዜማ ባሌ የለም። ሌላ ጊዜ ባሌ ሚሌ ነው፣ አሰብ ነው፣ ጎማ ሥር ነው። ወደ እሱ አየሁ፤ ለሠርጉ የተገዛለትን ካልሲ ትኩር ብሎ ያያል፤ ያለነው በእኔ መሥሪያ ቤት ነውና። ደሜ ፈላ። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ጎንበስ አልኩና አንድ ቁጥርን ነካሁ፤ ትልቁን ቁልፍ ጫንኩ። መፈክሩ ከነኮከቡ ተመለሰ።

"እኔ ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ጓድ" አልኩት አለቃዬን። "የፈለገ ሰው አንድ ቁልፍ ነክቶ ሥራውን ይቀጥል።"

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አለቃዬ ኪቦርዱን አየ፣ ካድሬውን አየ፣ እጁን ኪሱ ከተተ። መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

"ወላሂ እውነቷን ነው፤ ሙሽራ እኮ ናት" አሉ። "አብሽሪ ልጄ፣ ሂጂ።"

ካድሬው ደግሞ ዓይኑን ከመፈክሩ ላይ ሳያነሳ፣ ጓድ ፈቃዷን ያክብሩላት አለ። አለቃዬ እዚያው ቆሞ፣ መኪና እንደማይላክብኝና ዛሬ የባከነችው ቀን እንደምትተካልኝ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ይኸኔ ማንም ሳይነግራቸው አምስቱም ዝናቡን ሊያዩ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እኔም ቁልፉን ነካሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ ካድሬው ተከትሎኝ ወጣ። ከፈቃድ ስትመለሺ አንድ ቁጥርን አስተካክይው አለኝ በቀስታ። ዝርዝሩ ላይ በቦታው ይቆይ፤ ሲጫኑት ግን ምንም አይክፈት። እሺ አልኩት፤ ቃሌንም ጠብቄ እንዲያ አደረግሁት።

ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ከሐረጎ አናት ስንደርስ ቅዝቃዜው ሲነካን ባሌ ጠየቀኝ።

"ባይፈሩስ ኖሮ? ዝም ብለው ቢነኩትስ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እያለቀስኩ ሪፖርቱን እሠራ ነበራ" አልኩት።

እውነቴን ነበር። እሱ በጣም ሳቀ፤ ሹፌሩ ምን ሆኑ ብሎ መኪናዋን አቀዘቀዘ። ከዚያ ባሌ በሰው ፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቀዩን እጄን ያዘ። ቤት እስክንደርስ አልለቀቀኝም፤ ቀሪዎቹን ቀናትም ሁሉ ጠዋትም ማታም አየሁት።